ምስክሩን እስከ መጨረሻው መስማት፦ ስለ ኮሪያውያን «የመጽናኛ ሴቶች» ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጃፓን ጦር ሴተኛ አዳሪ ቤቶች ውስጥ ስለነበሩት ኮሪያውያን ሴቶች የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ጽሑፉ «የመጽናኛ ሴቶች» በሚል ስም ስለሚታወቁት ስለእነዚህ ሴቶች ዓለም የሚያውቀው ታሪክ በአብዛኛው ከጦርነቱ በኋላ ለፖለቲካ ፍጆታ የተበጀ ነው ሲል ይደመድማል። ስድብ የሌለበትና ሰነድ ለመጥቀስ የሚጥር ጽሑፍ በመሆኑ መልስ ይገባዋል፤ ብዙዎችን ያሳመነውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

የጸሐፊው መከራከሪያ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ሴቶቹ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለው በውል የገቡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ለዚህም የሃርቫርድ የሕግ ፕሮፌሰር ማርክ ራምዘየር በ2020 መጨረሻ ያወጡት ጥናት በዋና ማስረጃነት ቀርቧል። የአሜሪካ ጦር ራሱ በ1944 በርማ ውስጥ ያገኛቸውን ኮሪያውያን ሴቶች መርምሮ ተራ ሴተኛ አዳሪዎች ናቸው ብሎ መዝግቧል። የጃፓን ወታደሮች ሴቶችን ከየቤታቸው በኃይል ማፈሳቸውን የሚያሳይ ሰነድ የለም፤ ይህን አደረግን ብሎ የመሰከረው ዮሺዳ ሴይጂም ሐሰተኛ ሆኖ ተገኝቷል። መልማዮቹ ራሳቸው ኮሪያውያን ነበሩ። ከሴቶቹ መካከል ዳጎስ ያለ ገንዘብ ያጠራቀሙ ነበሩ። በመጨረሻም ጉዳዩ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ በ1965 ባደረጉት ስምምነት ተዘግቷል፤ ሴቶቹም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዝም ብለው ቆይተው የተናገሩት ነፋሱ ሲመቻቸው ነው። (በዚህ ምላሽ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው ከጠቀሷቸው ሰነዶች መካከል ፈጠራ ነው የምለው የለኝም። ቅሬታዬ እያንዳንዱን ሰነድ ለክርክራቸው እስከሚበቃቸው መስመር ድረስ አንብበው መዝጋታቸው ላይ ነው። ቀጣዩን መስመር፣ አንዳንዴም ቀጣዩን ገጽ ስናነብ ያው ምስክር በተቃራኒው ወገን ይቆማል።

ከውሉ ልጀምር። ከጦርነቱ በፊት በጃፓን በመንግሥት ፈቃድ በሚሠሩ ሴተኛ አዳሪ ቤቶች ቤተሰብ ቅድሚያ ገንዘብ ይቀበል፣ ልጅቱም ዕዳው እስኪወራረድ ትሠራ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ራምዘየር ስለዚህ የጻፉት መሠረት አለው። ነገር ግን ከዚያ ተነሥተው «የመጽናኛ ጣቢያ» ወደሚባለው የጦሩ ሴተኛ አዳሪ ቤት ሲሻገሩ የሚረግጡት መሬት የላቸውም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የታሪክ ምሁራን አንድሩ ጎርደንና ካርተር ኤከርት የጥናቱን የግርጌ ማስታወሻዎች አንድ በአንድ ተከታትለው ሲመረምሩ፣ አንዲት ኮሪያዊት በጦሩ ጣቢያ ለመሥራት የፈረመችው አንድም ውል በማስረጃነት እንዳልቀረበ አሳይተዋል። በውል ላይ የተመሠረተ ጥናት ውሉን ካላቀረበ ክርክሩ ግምት ሆኖ ይቀራል።

በዚያው ጥናት ውስጥ በ10 ዓመቷ ወደ ቦርኒዮ የተወሰደች ኦሳኪ የምትባል ጃፓናዊት ልጅ ታሪክ ተጠቅሶ፣ ሥራው ምን እንደሆነ እያወቀች እንደሄደች ተጽፏል። ታሪኩ የተወሰደበት መጽሐፍ ግን ልጆቹ የሚጠበቅባቸውን ባወቁ ጊዜ ተታለልን ብለው አሳዳሪውን እንደተቃወሙ ይተርካል። ይህ ሲነገራቸው ራምዘየር ራሳቸው ስህተት መሥራታቸውን አምነዋል። የእኛ ጸሐፊ የኦሳኪን ታሪክ ሲደግሙ ይህን ማረሚያ ለምን እንዳለፉት አልገባኝም። ለነገሩ ማረሚያው ባይኖርስ? የ10 ዓመት ልጅ «እያወቀች ተስማማች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ ብዕር ትንሽ መቆም አልነበረበትም?

ወደ አሜሪካውያኑ ሪፖርት ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ይህ የጸሐፊው ጠንካራ ማስረጃ ነው። በ1944 ክረምት ሚቺና የምትባለው የበርማ ከተማ ከወደቀች በኋላ 20 ኮሪያውያን ሴቶችና ያስተዳድሯቸው የነበሩ ሁለት ጃፓናውያን ተይዘው ተመረመሩ። ቁጥር 49 ተብሎ የሚታወቀው ሪፖርት በእርግጥም ሴቶቹ ጦሩን ተከትለው የሚሄዱ ሴተኛ አዳሪዎች ከመሆን የዘለሉ አይደሉም ይላል። በርማ ውስጥ ከሌሎች ቦታዎች የተሻለ ኑሮ እንደነበራቸው፣ ልብስና ሲጋራ ይገዙ እንደነበር፣ ከወታደሮች ጋር ሽርሽር ይወጡ እንደነበር፣ ደንበኛ እምቢ የማለት መብት እንደነበራቸውም ይጽፋል። ይህን ሁሉ ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰዋል፤ ከሪፖርቱ ውስጥ እንዳለም እመሰክራለሁ።

ሆኖም የዚያው ሪፖርት የምልመላ ክፍል የሚለው ይህ ነው፦ በ1942 ሜይ መጀመሪያ የጃፓን ወኪሎች ለ«መጽናኛ አገልግሎት» ሴቶችን ለመመዝገብ ኮሪያ ገቡ። የአገልግሎቱ ምንነት አልተነገረም፤ ሴቶቹ ግን በሆስፒታል ቁስለኞችን መጎብኘት፣ ፋሻ መጠቅለል፣ በጠቅላላው ወታደሩን ደስ ማሰኘት አድርገው ተረዱት። ብዙ ገንዘብ፣ የቤተሰብን ዕዳ መክፈያ፣ ቀላል ሥራ፣ በሲንጋፖር አዲስ ሕይወት ይጠብቃችኋል ተባሉ። ብዙዎቹ የተመዘገቡት በዚህ የሐሰት ቃል መሆኑን ሪፖርቱ ራሱ ይናገራል፤ ቀድሞ በሥራው የነበሩት ጥቂቶች እንደነበሩም ይጨምራል። (ሥራ አገኝልሻለሁ ብሎ ሴት ልጅን ባሕር የሚያሻግር ደላላ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።) በሪፖርቱ መጨረሻ ከተያያዘው የዕድሜ ዝርዝር ሁለት ዓመት ቀንሰን ብንቆጥር ከ20ዎቹ 12ቱ በተመለመሉበት ጊዜ 21 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የፈረሙት ውልም እንደ ቤተሰባቸው ዕዳ መጠን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ለቤቱ አሳዳሪ እንዲሠሩ ከማስገደዱ በላይ ለጦሩ ደንብ የሚያስገዛ ነበር። የጦር ሠራዊት ደንብ በግል ሥራ ውል ውስጥ ምን ይሠራል? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አላነሡትም።

በዚህ ላይ ከእነዚሁ ሰዎች የተወሰደ ሁለተኛ ሪፖርት አለ። የቤቱ ጃፓናዊ አሳዳሪ በ1944 ኖቬምበር በወጣው የምርመራ ጽሑፍ ላይ የሰጠው ቃል ከመጀመሪያው ይበልጥ ግልጽ ነው። በሴኡል ምግብ ቤት የነበረው ይህ ሰው ሐሳቡ የመነጨው በኮሪያ ከነበረው የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ እንደነበር፣ እርሱም ፈቃድ ጠይቆ እንዳገኘ ይናገራል። ለቤተሰቦቻቸው እንደ ልጅቱ ዕድሜና መልክ ከ300 እስከ 1,000 የን እየከፈለ 22 ሴቶችን ገዛ፤ ሴቶቹ የእርሱ የግል ንብረት እንደሆኑም ተመዝግቧል። መምሪያው የትም ያለ የጦር ክፍል በመጓጓዣ፣ በስንቅና በሕክምና እንዲረዳው የትብብር ደብዳቤ ሰጠው። በ1942 ጁላይ 10 ቀን ከቡሳን ወደብ 703 ኮሪያውያን ሴቶችን ከያዘው ቡድን ጋር ሲነሣ የመርከብ ቲኬቱን በነጻ የሰጠው ጦሩ ነበር። ይህን ቃል የሰጠው በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው ሳይሆን ከሥራው ያተረፈው ነጋዴ ነው። የጸሐፊውን ምስክር ከሚያምን ሰው የዚያኑ ምስክር አሠሪ ቃልም ማመን ይጠበቅበታል።

ሦስተኛ ምንጭም ይህንኑ ያጸናል። በበርማና በሲንጋፖር ጣቢያዎች በአስተዳዳሪነት የሠራ አንድ ኮሪያዊ የጻፈው የቀን ማስታወሻ በ2013 ለኅትመት በቅቷል። እርሱም በ1942 ጁላይ ከቡሳን ስለተነሣው ጉዞ ይጽፋል፤ ጉዞውንም «አራተኛው የመጽናኛ ቡድን» በሚል ይጠራዋል። አራተኛ ካለ ከዚያ በፊት ሦስት ነበሩ ማለት ነው፤ በጦርነት ጊዜ በጦሩ ቲኬት የሚሄድ ተራ ቁጥር የተሰጠው ቡድን የአንድ ደላላ የግል ንግድ ሊሆን አይችልም። በ1943 ጁላይ መጨረሻ ደግሞ ባል ይዘው ከጣቢያው የወጡ ሁለት ሴቶች በጦሩ የስንቅና ትጥቅ መምሪያ ትእዛዝ ወደ ቀድሞ ሥራቸው እንዲመለሱ መደረጉን መዝግቧል። ጸሐፊው ዕዳቸውን ጨርሰው እንዲመለሱ የተፈቀደላቸው ሴቶች እንደነበሩ ጽፈዋል፤ እውነት ነው፣ እንደዚያ ያሉ ነበሩ። ሆኖም በራሷ ፈቃድ የወጣችን ሴት የጦር መምሪያ ካዘዘ የምትመለስበት ሥራ «በውል የተገባ» የሚለውን ስም እንዴት ሊሸከም እንደሚችል ቢያብራሩልን ጥሩ ነበር።

«ሰነድ የለም» የሚለው ክርክር በሁለት ይከፈላል። ስለ ዮሺዳ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በኮሪያዋ ጄጁ ደሴት ሴቶችን እንደ አውሬ አድነን አፈስን ያለው ይህ ሰው የተናገረው ሐሰት እንደነበር ተረጋግጧል፤ ቃሉን በተደጋጋሚ ያተመው አሳሂ ሺምቡን ጋዜጣም በ2014 ዘገባዎቹን ሽሯል። በ1996 ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው ሪፖርት እርሱን መጥቀሱም ጉድለት ነበር። ነገር ግን የዮሺዳ ቃል ሲወድቅ ምን አብሮ ወደቀ? የጄጁውን ታሪክ በቦታው ሄደው ያጣሩት ሃታ ኢኩሂኮና የጦሩን ሰነዶች ያወጡት ዮሺሚ ዮሺአኪ በብዙ ነገር የማይስማሙ የታሪክ ምሁራን ናቸው፤ ሁለቱም ግን ጥናታቸውን በዮሺዳ ላይ አላቆሙም። በ1993 ኦገስት 4 የወጣውና የጃፓን መንግሥት የጦሩን ተሳትፎ አምኖ ይቅርታ የጠየቀበት የኮኖ መግለጫም በእርሱ ላይ አልተመሠረተም።

ሰነዱ ግን አለ። በ1938 ማርች 4 ቀን ከጦር ሚኒስቴሩ በቻይና ለነበሩት የጦሩ ኤታማዦር ሹሞች የተላለፈው ማስታወቂያ፣ ለመጽናኛ ጣቢያ ሴቶችን የሚመለምሉ አንዳንድ ሰዎች የጦሩን ስም እንደሚጠቀሙ፣ አንዳንዶቹም ከጠለፋ በማይለይ አካሄዳቸው በፖሊስ እንደተያዙ ይገልጽና ከእንግዲህ ምልመላውን ጦሩ እንዲቆጣጠር፣ ሰዎቹንም በጥንቃቄ እንዲመርጥ፣ ከአካባቢው የጦር ፖሊስና ፖሊስ ጋር ተቀራርቦ እንዲሠራ ያዛል። ጸሐፊው ይህን ጦሩ መጥፎ ደላሎችን ለማረም የሞከረበት በጎ ጣልቃ ገብነት አድርገው ያነቡታል። ንባቡ ጨርሶ የማይቻል አይደለም፤ ሰነዱ ለራሱ የሰጠው ምክንያት ግን የጦሩ ክብር መጠበቅ ነው፤ ስለ ሴቶቹ ደኅንነት አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በፌብሩዋሪ የአገር ግዛት ሚኒስቴሩ ወደ ቻይና እንዲሄዱ የሚፈቀድላቸው ቀድሞውኑ በሥራው ያሉና 21 ዓመት የሞላቸው ሴቶች ብቻ እንዲሆኑ ለጃፓን ዋና ምድር ሲያዝ፣ በወቅቱ የጃፓን ቅኝ ግዛት የነበሩት ኮሪያና ታይዋን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ቀሩ። ጃፓን በሴቶችና በሕፃናት ዝውውር ላይ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1925 ስታጸድቅም ቅኝ ግዛቶቿን ለይታ አስቀርታ ነበር። ለጃፓናዊት የተከለከለው ለኮሪያዊት ክፍት የሆነው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው።

ጸሐፊው ማስገደድ የሚሉት በር ሰብሮ ጎትቶ መውሰድን ብቻ ነው። የዘመኑ የጃፓን ሕግ ግን ከእርሳቸው የሰፋ ትርጉም ነበረው። በ1932 ሻንጋይ ለነበረው የባሕር ኃይል ጣቢያ ሴቶችን በማታለል የወሰዱ ሰዎች በናጋሳኪ ተከሰው፣ ከአገር ለማስወጣት በማሰብ በተፈጸመ ጠለፋ ተፈርዶባቸው፣ ፍርዱም በ1937 ማርች በጃፓን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጸንቷል። ስለዚህ «ሆስፒታል ነው የምትሠሪው» ብሎ ልጅን መርከብ ላይ ማሳፈር በራሷ በጃፓን ሕግ ጠለፋ ነበር። በጦር መሣሪያ ጎትቶ መውሰድም ቢሆን ማስረጃ አላጣም፤ በ1944 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት በሰማራንግ ሆላንዳውያን ሴቶችን ከእስር ሰፈር አውጥተው ጣቢያ ያስገቡ መኮንኖች በ1948 በባታቪያ (በዛሬዋ ጃካርታ) ለፍርድ ቀርበው አንዱ በሞት ተቀጥቷል። እርግጥ እነዚህ ኮሪያውያን አልነበሩም። በኮሪያ ግን ድህነቱ፣ ፈቃድ ሰጪው ፖሊስና ደላላው ሥራውን ሲሠሩት ጦሩ መኪና ይዞ መንደር መግባት ለምን ያስፈልገው ነበር?

በሰነድ እጦት ላይ አንድ ነገር ላክል፤ በ1945 ኦገስት ጃፓን እጅ ስትሰጥ መንግሥቱና ጦሩ ሰነዶች እንዲቃጠሉ አዝዘው ነበር። የሴቶቹ ቁጥር የሚያከራክረውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሃታ 20,000 ገደማ ይላሉ፤ ዮሺሚ ከ50,000 ጀምረው እስከ 200,000 ይገምታሉ። 200,000 የሚለው ቁጥር የተረጋገጠ ያህል በየሐውልቱና በየንግግሩ መደገሙ ልክ አይደለም የሚለውን የጸሐፊውን ትችት እቀበላለሁ።

ኮሪያውያን ደላሎች ነበሩ፤ አይካድም። ከላይ የጠቀስኩት ማስታወሻ ጸሐፊም ኮሪያዊ ነበር፤ ኮሪያም ይህን የራሷን ታሪክ በግልጽ ለመነጋገር ብዙ ጊዜ ወስዶባታል። ይሁንና ገበያውን የፈጠረው፣ ነጋዴውን የመረጠው፣ መርከቡን ያቀረበው፣ ታሪፉንና ሰዓቱን ያወጣው፣ ሐኪም የላከው ጦሩ ነው። የተባባሪው ጥፋት የአዛዡን ጥፋት አይቀንሰውም።

ስለ ገንዘቡ ጸሐፊው የሚጠቅሱት በበርማ ጣቢያ የነበሩት የሙን ኦክ-ጁ የቁጠባ ሒሳብ ነው። ከ26,000 የን በላይ ይላል፤ እውነት ነው። አብዛኛው ግን የገባው በ1945 የጃፓን ጦር ከበርማ በሚያፈገፍግበት ጊዜ፣ የጦሩ ወረቀት ገንዘብ ዋጋ በሌለው ሰዓት ነው፤ በራንጉን የሸቀጥ ዋጋ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ከ1,800 እጥፍ በላይ ወጥቶ ነበር። ሙን ከዚያ ሒሳብ አንድ የን አላገኙም፤ በ1992 ገንዘቤን ስጡኝ ብለው ሲጠይቁ በ1965ቱ ስምምነት ቀርቷል ተባሉ። ቁጥር 49 ሪፖርትም ከሴቶቹ ገቢ ከ50 እስከ 60 በመቶው ለአሳዳሪው ይገባ እንደነበር፣ ብዙ አሳዳሪዎችም ምግብና ሸቀጥ እያስወደዱባቸው ኑሮ ያከብዱባቸው እንደነበር ይናገራል።

የ1965ቱ ስምምነት 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ፣ 200 ሚሊዮን በብድር ሰጥቶ በሁለቱ አገሮች መካከል ያሉ የይገባኛል ጥያቄዎች «ሙሉ በሙሉና ለመጨረሻ ጊዜ» መቋጨታቸውን ደንግጓል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ የሴኡል ፍርድ ቤቶችም በ2021 በተመሳሳይ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ መስጠታቸው የዚህ ምልክት ነው። ሁለቱ አገሮች በመጽናኛ ሴቶች ጉዳይ የደረሱበትን የ2015ቱን ስምምነት የኮሪያ መንግሥት ያስተናገደበት መንገድም የሚያስመሰግን አልነበረም፤ የሴቶቹ የድጋፍ ድርጅት የቀድሞ ኃላፊ በገንዘብ ጥፋተኛ መባላቸውም ቢሆን የጸሐፊው ፈጠራ አይደለም። ነገር ግን በ1965 ድርድር ጠረጴዛ ላይ የመጽናኛ ጣቢያዎች ጉዳይ አልቀረበም። የጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣንም በ1991 ኦገስት ለምክር ቤቱ ሲያስረዱ፣ ስምምነቱ ያስቀረው መንግሥታት ለዜጎቻቸው የሚከራከሩበትን መብት እንጂ የግለሰቦቹን ጥያቄ ራሱን እንዳልሆነ ተናግረዋል።

ዝምታው የመጨረሻው ነጥባቸው ነው። ዝምታው ጸሐፊው የሚሉትን ያህል ፍጹም አልነበረም፤ በጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴት የቀሩት ኮሪያዊቷ ቤ ቦንግ-ጊ ታሪካቸው በ1975 ታውቆ ነበር። በኮሪያ ደግሞ ሴት ልጅ ይህን አፍ አውጥታ ብትናገር ቤተሰቧ ምን እንደሚላት መገመት አያዳግትም፤ እስከ 1987 ድረስም አገሪቱ በወታደር መንግሥት እጅ ነበረች። በ1990 ጁን የጃፓን መንግሥት ተወካይ በምክር ቤት ተጠይቀው ሴቶቹን ይዘው የዞሩት የግል ነጋዴዎች ይመስላሉ ብለው መለሱ። ኪም ሃክ-ሱን በ1991 ኦገስት 14 በሴኡል በስማቸው ወጥተው የመሰከሩት ይህን ክህደት ከሰሙ በኋላ ነው፤ በ17 ዓመታቸው ሰሜን ቻይና ውስጥ በወታደሮች ተወስደው ጣቢያ መግባታቸውን ተናገሩ። ጸሐፊው የኪም ቃል በተለያየ ጊዜ በዝርዝሩ መለያየቱን ይነቅፋሉ፤ አንዳንዱ ልዩነት በእርግጥ አለ። ነገር ግን በ1992 ጃንዩዋሪ 11 ዮሺሚ የ1938ቱን ማስታወቂያ ይፋ ሲያደርጉ የመንግሥት ቃል አቀባዩ የጦሩን ተሳትፎ ለማመን የፈጀባቸው ሁለት ቀን ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚያዛዋ ኪኢቺም በዚያው ሳምንት ሴኡል ላይ ይቅርታ ጠየቁ። ሰነዱ የተገኘው ከኮሪያ አክቲቪስቶች እጅ ሳይሆን ቶኪዮ ከሚገኘው ከጃፓን የመከላከያ መሥሪያ ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ነጋዴዎቹ ናቸው የሚለው መልስ ለምክር ቤቱ ሲሰጥም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር።